ማህተም የሌለው ምርቃት

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊቴን ከሚያውቀው ሰው ድምፄን የሚያውቀው ይበልጥ ነበር። ሱሉልታ ሽንኩርት ስገዛ ዋጋ ልከራከር አፌን ስከፍት ሻጯ ቀና ሳትል፣ "አንቺ የሞንታርቦዋ ሴትዮ አይደለሽም?" ትለኛለች። ቡራዩ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ካልኩ ከኋላ ወንበር የሚያስመስለኝ አይጠፋም፦ "ወራጅ አለ! ወራጅ አለ! ዛሬ ብቻ!"

ሥራዬ ቅስቀሳ ነው። የእናቴ ወንድም አሮጌ ፒካፕ አላቸው፤ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ታስሮባታል። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ማይኩን ይዤ እናገራለሁ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፤ የገበያ ቀን እየተከተልን እንዞራለን። አዲስ የተከፈተ የቀለም መደብር፣ የጠፋ በሬ፣ የክትባት ዘመቻ፣ የሚቋረጥ ውሃ፣ ሁሉንም በአማርኛ እልና በኦሮምኛ እደግመዋለሁ። ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ በእጄ የገባ ወረቀት ሁሉ ነው፤ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር። ኦሮምኛውን ገበያ አስተማረኝ፤ እየሳቀብኝ፣ እያረመኝ።

አንድ ልማድ ነበረኝ። ያለ ምርቃት አልጨርስም። ለመደብሩ "ገበያው ይድራላችሁ"፣ በሬ ለጠፋበት "ያገናኛችሁ" እላለሁ፤ ገበያውም "አሜን" ይላል። አሜኑን ስሰማ ነው የሰማኝ ሰው እንዳለ የማውቀው። ሞንታርቦ ጆሮ የለውማ! አንዳንዱ ቀን አሜኑ ይሳሳል፤ ያኔ አጎቴን "ጋሼ፣ እንዙርና እንድገመው" እላቸዋለሁ፣ ይዞራሉ።

አጎቴ ወሬ አያበዙም። ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ነው ወደ መኪናው የመጡት። "አንቺ እያለሽ እኔ ምን ልናገር?" ይላሉ። ታዲያ እኚህ ሬዲዮ ጠጋኝ የራሳቸውን ማይክ አልጠገኑም። ማጥፊያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ አንዴ ከበራ እሳቸው ወርደው ከኋላ ያለውን ሽቦ ካልነቀሉት አይጠፋም። ሳስነጥስ ገበያው ሁሉ "ይማርሽ!" ይለኛል።

እንዲህ እየሠራን ሳለ የሳል ሽሮፕ ከሚያስመጣ አንድ ድርጅት የሽያጭ ወኪል መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የሰበታን ጭቃ የማያውቅ ወጣት ነው። "ሲስተርዬ" ይለኛል፤ እናቱ ባልሆን አክስቱ እሆን ነበር። ሁለት ወረቀት ሰጠኝ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ። ሁለቱም ፊትና ጀርባ ተጽፎባቸዋል፤ ፊቱም ጀርባውም ግርጌው ላይ ክብ ማህተም አለው።

"የመድኃኒት ማስታወቂያ እንደ ቀለም መደብር አይደለም" አለኝ። "ቃሉ መጀመሪያ ተጽፎ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ይገባል። ባለሙያ ይመረምረዋል፤ 'ይሄ ቃል ይውጣ፣ ይሄ ይግባ' ተብሎ ይመለሳል። ታርሞ እንደገና ይገባል። ሲጸድቅ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩም ይነበባል። በሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውማ ጭራሽ ለሕዝብ አይነገርም። ይሄ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ነው።"

"ስንቴ ተመለሰባችሁ?"

"አራቴ። አንዴማ ለአንድ ቃል ብቻ! 'ፍቱን' የምትል ነበረች፣ አስወጧት።"

ደስ አለኝ። ቃል እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ያፌን ስናገር ኖሬ፣ አራት ጊዜ ተመዝኖ የመጣ ወረቀት ስይዝ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

እሱ ግን ከኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣና የሁለቱንም ወረቀት ጀርባ ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ አደረገበት። ከላዩ "አይነበብ" ብሎ ጻፈ። መስመሩ በማህተሙ ላይ አለፈ።

"የጀርባው ገዢ ያባርራል" አለኝ። "የፊቱን አንብቢ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ጨምሪና ዝጊ።"

"ማህተሙ ግን ጀርባውም ላይ አለ።"

"ሲስተርዬ፣ ማህተም በሞንታርቦ ይሰማል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ቅዳሜ ሱሉልታ ገበያ የፊቱን ብቻ አነበብኩ። የሽሮፑን ስም፣ ለምን እንደሚሆን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ከዚያ ቁጥሩን። ከጫንጮ የወረዱ ገበሬዎች በቅሎና ፈረሳቸውን ይዘው ቆመው ሰሙ። ብርድ ነው፣ ግማሹ ያስላል። "ፈጣሪ ይማራችሁ!" አልኩ፤ በኦሮምኛም "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ፈይሱ!" አልኩ። አሜኑ እንደዚያን ቀን ደምቆ አያውቅም።

በሳምንቱ አጋማሽ ሰበታ ነበርን። ጠዋት አንድ ዙር ዞረን፣ አጎቴ ሽቦውን ነቅለው ከጥላ ሥር ቆመን ሳለ አንዲት ልጅ እግር ሴት ወደ መስኮቴ መጣች። በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች፤ በእጇ በፌስታል ሽሮፑን ይዛለች።

"አዴ፣ ከናፍስ ኒታኣ?" አለችኝ፤ ለዚህችም ይሆናል ወይ ማለቷ ነው። ዘወር ብላ ጀርባዋን አሳየችኝ። ጥርስ ያላበቀለች ልጅ ናት፤ ስታስል ትንሽ ጀርባዋ ከእናቷ ጀርባ ላይ ይነሳል።

በኦሮምኛ፣ "መድኃኒት ቤቱ ምን አለሽ?" አልኳት።

"ለራስሽ ነው ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኩ። እኔም ያስለኛል።"

"ታዲያ የልጅቷን እዚያው አትጠይቂም?"

"እነሱን ምን ልጠይቅ? የነገርሽኝ አንቺ!"

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ከሰማያዊው ኤክስ ሥር ፊደሉ ደህና አድርጎ ይነበባል፦ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አስቀድማ የጤና ባለሙያ ታማክር። ሳሉ ከሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ተቋም ይኬድ።

"አይሆንም" አልኳት። "ለሷ ጠብታም እንዳትሰጪ። አንቺም የምታጠቢ ከሆነ ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ጤና ጣቢያ ውሰጃት።"

ትክ ብላ አየችኝ። "ጠዋት ለምን አላልሽም?" አለችኝ።

ወቀሳ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ። አጎቴ በሩን ከፍተው "ትግባ፣ እናድርሳት" አሉ። አደረስናት። ሕፃኗን በሳምንቱ እዚያው ገበያ ድና፣ እንጀራ ፍርፋሪ ስትመጥ አየኋት፤ ስለሷ አንባቢው እንዳይጨነቅ።

ከጤና ጣቢያው እንደተመለስን አጎቴ ሽቦውን ሰኩ። ፊቱን አነበብኩ፣ ጀርባውንም አነበብኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የትም ቦታ ግማሹን ብቻ አላነበብኩም።

አንድ ቃል አልነካሁም፤ ድምፄን ነው የነካሁት። የጀርባውን እንደ ተረት ቀስ አድርጌ ነው የምለው። "ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት..." ብዬ ትንፋሼን እስክስብ ገበያው ቀድሞኝ "አይሰጥም!" ማለት ለመደ። ቡራዩ ላይ ሎተሪ አዟሪዎቹ ሲያዩኝ፣ "እትዬ አይሰጥም መጣች!" ይላሉ። አንዱ ድንች ነጋዴማ ደንበኛ ዋጋ ሲያስቀንሰው፣ "ከሁለት ዓመት በታች አይሰጥም!" እያለ ይመልሳል። ይሳቁ። የሚሳቅበት ነገር አይረሳም።

ወኪሉ ግን አልሳቀም። ቡራዩ ድረስ መጣ።

"ሲስተርዬ፣ ማስታወቂያ ነው ወይስ ስብከት? አይሰጥም፣ አይወሰድም እያልሽ ማን ይገዛል?"

"የሚሆነው ይገዛል።"

"እኔ የነገርኩሽ ሌላ ነው።"

"አንተ ነገርከኝ፣ ወረቀቱም ነገረኝ። ማህተም ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ አንተ ላይ ማህተም አላየሁም።"

"ሌላ ድምፅ እፈልጋለሁ።"

"ፈልግ። ሱሉልታ ላይ 'የጀርባውስ?' ብለው እንደሚጠይቁት ግን አስቀድመህ ንገረው።"

አጎቴ መሪያቸው ላይ ተደግፈው ሳቃቸውን በጉንጫቸው ይዘው ነበር። ውላችን የወር ስለሆነ ወዲያው ሊያባርረኝ አልቻለም። እንዴት ባለ ዓይን አይቶኝ እንደሄደ ግን አስታውሳለሁ።

ችግሩ የመጣብኝ ግን ባልጠበቅሁት በኩል ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቡራዩ ገበያ አንብቤ ጨርሼ፣ ቁጥሩን ብዬ፣ "ፈጣሪ ይማራችሁ!" ብዬ፣ አሜኔን ተቀብዬ ዞር ስል፣ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። አንዱ ጎልማሳ ነው፤ ሌላዋ ሂጃብ የለበሰች ወጣት ባለሙያ። ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ናቸው። ልጅቷ ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ኤክስ የተደረገባቸውን ቤት አስቀምጬ፣ በኋላ ከድርጅቱ በተላከልን ንጹሕ ኮፒ ነበር የማነበው፤ መስመር በመስመር በጣቷ ተከተለችው።

"የመጨረሻው ቃል የት ነው ያለው?" አለችኝ።

"የቱ?"

"'ይማራችሁ' ያሉት።"

"እሱማ ምርቃት ነው" አልኳት፤ እንደሚገባት እርግጠኛ ሆኜ።

አልሳቀችም። የአጎቴን የቅስቀሳ ፈቃድ ተቀብላ ፋይሏ ውስጥ አስገባች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቢሮ ቀርበን እንድናስረዳ ነገረችን። ያ ፈቃድ ከሌለ ፒካፗ ድንች መጫኛ ናት፣ አጎቴ ደግሞ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ድንች አይሸከሙም። እኔም ያለ ማይክ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ወኪሉ ቤታችን መጣ። ጫማው ይህን ጊዜ ጭቃ ነክቶታል። የተተየበ ወረቀት አወጣ።

"እዚህ ጋ ፈርሚና ነገሩ ያልቃል። ድርጅቱ ራሱ ፈቃዳችሁን ያስመልስላችኋል። ሥራም አለ፤ የሚቀጥለው ቅባት ነው።"

አነበብኩት። "'የተሰጠኝን የጸደቀ ጽሑፍ በራሴ ፈቃድ በመቀነስና በመጨመር ያነበብኩ መሆኔን...' ምንድነው ይሄ? ጨምሬያለሁ። መቀነሱ ግን በራሴ ፈቃድ ነው እንዴ?"

"ያው ነው፤ የቃል ልዩነት ነው።"

"እናንተ አይደላችሁ እንዴ ለአንድ ቃል ስትመላለሱ የከረማችሁት?"

አጎቴን አያቸው። "አባት፣ እርስዎ ይንገሯት። መኪናዋ የእርስዎ ናት።"

አጎቴ አቀርቅረው፣ "ልጄ፣ ፈርሚለትና ይለፍ" አሉ። "ቃል ነው፣ ይበተናል። ፈቃዱ ከቀረ ግን ቀረ።"

ይህን ከሳቸው አልጠበቅሁም። "ጋሼ" አልኳቸው፣ "አንቱ ያልሠሩትን ሬዲዮ ሠራሁት ብለው ለባለቤቱ መልሰው ያውቃሉ?"

ወረቀቱን ለወኪሉ መለስኩለት። "እኔ ሰባተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ የማውቀው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ስሜን ግን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ላይ አይጻፍም።"

ከዚያች ሰዓት አንስቶ አጎቴ አላናገሩኝም። በቀጠሮው ቀን ከቡራዩ እስከ ቢሮው ድረስ ማርሽ ሲቀይሩ ብቻ ነው ድምፅ የሰማሁት። ደረጃውን ስንወጣ ክንዳቸውን ልደግፍ ብል ቀስ አድርገው ወሰዱብኝ። እኔ ግን ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩትን ያዝኩ፣ ወደ ኋላ አላልኩም።

ቢሮው ትንሽ ናት፤ ፋይል እስከ ጣሪያ። ባለሂጃቧ ልጅ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ጎልማሳው በጎኗ፣ ወኪሉ ከፊት ወንበር። እሱ ቀድሞ ተናገረ፤ ደህና አድርጎ ነው የሚናገረው፣ ማይክ ቢሰጡት ይችልበታል።

"ድርጅታችን ሙሉውን ጽሑፍ ነው የሰጣት። እሷ ደስ ሲላት ትቀንሳለች፣ ደስ ሲላት ትጨምራለች። ያልተማሩ ሰዎች ስለሆኑ..."

"እህቴ፣ ቀንሰሻል?" አለኝ ጎልማሳው።

"አዎ" አልኩ። ወኪሉ ዞሮ አየኝ። "አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ላይ፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ሰበታ ላይ የፊቱን ብቻ አንብቤያለሁ። በኔ ድምፅ ነው፣ በሌላ ሰው አላሳብብም። አንዲት እናት እሱን ሰምታ ጥርስ ላላበቀለች ልጇ ልትሰጥ ነበር። ስለኔ አልተማረችም ያለው እውነቱን ነው። ያልተማርኩት እኔ ግን ሳነበው የገባኝን፣ የተማረው እንዳይነበብ ብሎ ጻፈበት።"

ከቦርሳዬ ሁለቱን ወረቀቶች አወጣሁ፤ መጀመሪያ የሰጠኝን። ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ሰማያዊው ኤክስ፣ "አይነበብ" የሚለው፣ ከሥሩም ማህተሙ።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወኪሉን፣ "የእጅ ጽሑፉ የማን ነው?" አለችው። ከደረት ኪሱ ያ ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቅ ብሎ ይታያል። "ይሄ ለ... ለማሳጠር ያህል..." አለ።

"ከአራቱ ጊዜ ሦስቴ ያመላለስናችሁ በዚህ በጀርባው ምክንያት ነበር" አለችው። ሌላ አላለችውም፤ ጻፈች። ለድርጅቱ ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሰውና ጽሑፉ ከእንግዲህ ፊትና ጀርባው ሳይጓደል እንደሚነበብ ነገረችው።

ወደ እኔ ዞረች። "የምርቃቱ ጉዳይ ግን አልቀረልዎትም።"

"ለታመመ ሰው 'ይማርህ' ለማለት ማህተም ያስፈልጋል?" አልኳት። ልቤ ሞልቶ ነበር። "እኔ ዝም ብል ገበያው ራሱ ይለዋል! እዚህ አገር ሲያስነጥስ የማይመረቅ ማን አለ?"

"እኔም እላለሁ" አለችኝ ረጋ ብላ። "ቤቴ የታመመ ካለ 'አላህ አፊያ ያድርግህ' ሳልል አልወጣም። ግን ከማህተሙ ሥር አልጽፈውም። እርስዎ የሽሮፑን ስም ይጠራሉ፣ የኛን ቁጥር ይጠራሉ፣ አከታትለው 'ይማራችሁ' ይላሉ። ሰው አሜን ሲል ምኑን ነው አሜን የሚለው? ፈጣሪን ነው ወይስ ጠርሙሱን?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ያን ቀን ሱሉልታ አሜኑ ለምን እንደዚያ እንደደመቀ ገባኝ፤ ደስ ግን አላለኝም። አሜኔን ለጠርሙስ ስሰጠው ኖሬያለሁ።

"እሺ" አልኳት። "በማይክ አልልም። ምርቃቴን ግን አልተውም። ማይኩ ሲጠፋስ?"

ጎልማሳው ሳቁ መጣበት። እሷም ፈገግ አለች። "ማይኩ ሲጠፋ አፉ የራስዎ ነው።"

ከጸደቀው ጽሑፍ ላይ ቃል እንደማልጨምርም እንደማልቀንስም የሚገልጽ ወረቀት ሰጠችኝ። እውነት ስለሆነ ፈረምኩ። ፈቃዱን ለአጎቴ መለሰችላቸው። አጎቴ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አደረጉት፤ "ይስጥልኝ" አሉና ወጣን።

ቤት ደርሰን ማይኩን ከጋቢናው አውጥተው፣ የዓይን መነጽራቸውን ይዘው ወደ ጓዳቸው ገቡ። እኔ ተቀይመውኛል ብዬ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከዕቃ መሸጫ አንድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ገዝተው መጡ። ከመሪው በስተግራ ሰሌዳውን በስተው ገጠሙት፤ ከማይኩ ሽቦ ጋር አገናኙት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርገው ሞከሩት። ቅዳሜ ሱሉልታ ገበያ ፊቱን አነበብኩ፣ ጀርባውን አነበብኩ፣ ቁጥሩን አልኩ። አጎቴ ጣታቸውን ሰደው ማይኩን አጠፉት። እጃቸውን በፊቴ አሳልፈው የኔን መስኮት አወረዱልኝ። ከዚያ ሞተሩንም አጠፉት።